ተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት

ግሮኒንገን ላይ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል አለች፤
መስኮት የላት፣ ሰዓት የላት፤ ፍራውከ እዚያ ቆብ ታጥባለች።
ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለምርምሩ ስትቀጠር
"አእምሮ ቃልን ሲፈታ ታያለሽ" ነበር የተባለችው ነገር።
እስካሁን ያየችው ግን ቅባት ነው፤ በጥርስ ብሩሽ እየፈተገች
ከስድሳ አራት ቀዳዳ ውስጥ የሰው ፀጉር ስትለቅም ዋለች።

ዓረፍተ ነገሩን ራሷ ጻፈች፤ ሁለት መቶ አርባ፣ ቆጥራ፤
ግማሹን ቀና፣ ግማሹን ሆን ብላ ከጫፉ ሰብራ።
"ገበሬው ማልዶ ተነሣና መሰላሉን አለበው።"
"ሐኪሙ ሳሉን ሰማና ጃንጥላ አጠጣው።"
ቃል በቃል ብቅ ይላል፣ ጥቁር ስክሪን ላይ፣ ነጭ ሆኖ፤
አንባቢው ከፊቱ ተቀምጧል፣ ራሱ በሽቦ ተከድኖ።

ሴኮንድ ለሺ ተሸንሽና፣ አራት መቶኛዋ ስትደርስ፣
ሰባራው ቃል ጋ መስመሩ ይወድቃል፣ እንደ ጋላቢ ከፈረስ።
የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፤ ይሄኛው ግን አይታሽም፤
በማይክሮቮልት ይለካል እንጂ ወጌሻ አያውቀውም።
የራሷንም ራስ ሞክራ ነበር፤ ምንም አልታየባት፤
ቀድማ የቆፈረችው ጉድጓድ እሷኑ መች ሊጥላት!

አሥራ ሰባተኛው ሰው ሲበ ነው፤ ከፍሪስላንድ በባቡር የመጣ፣
አርባ ዓመት የቦይ በር ጠብቆ፣ ጀልባ ያስገባ፣ ያስወጣ።
ፀጉሩን አይታ "ለቆብ የተሠራ ራስ አልዎት" ብትለው፣
"መሰላሉስ ስንት ሊትር ሰጠ?" አላት፣ የእረፍቱ ሰዓት ሲደርሰው።

ሥራው ሲያልቅ፣ ከመታጠቢያው ላይ አጎንብሶ፣
ለብ ባለ ውሃ ቅባቱን ከራሱ ስታስለቅቅ፣
እንዲህ አላት፤ ለእሷ ይሁን ለውሃው ባይታወቅ፦
"ያቺን የወንበሯን ግን ከስህተቶቹ መሐል ለምን ከተትሻት?
'ሽማግሌው ማለዳ ሻይ ለወንበር ቀዳ' ያልሻት።
እኔ ለዬልትሸ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀድቻለሁ፤
ሲቀዘቅዝ፣ መድፋት ነውር ነው፣ እኔው እጠጣዋለሁ።"
ምን እንደምትለው ጠፋት። "ውሃው አልሞቀብዎትም?" አለች።
ሃያ ዩሮውን ፈርሞ ወሰደ፤ ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠች።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የሁሉም ሞገድ ሲደመር፣
ከሠላሳ ራስ ሃያ ዘጠኙ ወንበሩ ጋ ተደናቅፎ ነበር።
የሲበ መስመር ብቻ፣ ያቺው ቃል ጋ፣
ለጥ ያለ ነው፤ ነፋስ የሌለበት ቦይ፣ ገና ሲነጋ።
ሰበርኩት ያለችው ቃል
እሱ ዘንድ ሙሉ ነበረ።

ዶክተር ሬንስከ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤
"አንድ ጊዜ ያየሽው ሞገድ ሞገድ አይደለም፤ ጫጫታ ነው" አለች።
"ደግሞ እይው፣ ዓይኑን አርገብግቧል፤ ከሲሶው በላይ ተበላሽቷል፤
ደንብ ደንብ ነው።" ልክ ናት። ደንቡ እንዲያ ይላል።
ፍራውከም አልተከራከረች፤ ፈተና ላይ ራሷ ጽፋዋለች፤
ቅባቱ ዓይኑ ገብቶ ይሁን ሌላ ነገር፣ በምን ታውቃለች?

ሪፖርቱ ላይ፣ ገጽ ዘጠኝ፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በደቃቁ፦
"አንድ ተሳታፊ ዓይኑን አብዝቶ በማርገብገቡ ከስሌቱ ወጥቷል።"
ይኸው ነው።

ዝርዝሩን ለመጪው ዓመት ተማሪ ስታዘጋጅ ግን
ያቺን ዓረፍተ ነገር ከሰባሮቹ ዐምድ አነሣቻት፤
ወደ ቀናዎቹ ወሰደቻት፤ እዚያም አልሆነችላት፤ መለሰቻት።
በመጨረሻ ከሁለቱ መሐል፣ ነጩ ላይ፣ ብቻዋን ተወቻት።
ከዚያ የጥርስ ብሩሹን አንሥታ
ቧንቧውን ከፈተች፤
ውሃው እስኪሞቅ ጠበቀች።